ከባንዲራው ወደ መነሻው፦ ኦልድ ኮርስን በአእምሮ መጫወት

ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1921 ወደ ስኮትላንዷ ሴንት አንድሪውስ ከተማ ሲመጣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በአሜሪካ ስሙ መነሳት ጀምሯል፤ ኳስ አመታቱም ተመስክሮለታል። ኦፕን በሚባለው የብሪታንያ ሻምፒዮና ሦስተኛ ዙር ላይ ግን ኦልድ ኮርስ የተባለው ጥንታዊ ሜዳ አንገቱን አስደፋው። በ11ኛው ሆል ሂል የሚባል ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መውጣት ሲያቅተው ኳሱን አንስቶ ውድድሩን አቋረጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ፣ ያንኑ ሻምፒዮና በ285 ምት ጨርሶ ተከታዩን በስድስት ምት በልጦ አሸነፈ። በ1930 እዚያው የብሪታንያን የአማተሮች ዋንጫ ወሰደ። በ1958 ደግሞ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው።

በእነዚህ ዓመታት የጠነከረው የጆንስ ክንድ ብቻ አልነበረም። ሜዳውን አጥንቶታል፤ እሱ ራሱ እንደመሰከረውም ፍቅሩ የመጣው ከጥናቱ ጋር ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚህ ዓይነቱ ጥናት ነው። አንድን ከባድ የጎልፍ ሜዳ ሆል በሆል እንዴት አስቦ መጫወት እንደሚቻል ለማሳየት ከኦልድ ኮርስ የተሻለ መምህር የለም ብዬ አምናለሁ። ሜዳው ጉልበት ላለው ሰው ቦታ አለው፤ ሳይታሰብ የተመታች ኳስን ግን አይምርም።

ሜዳው ምን ይመስላል?

ለጎልፍ አዲስ የሆነ አንባቢ እንዳይቸገር መሠረቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንድ ሙሉ ሜዳ 18 ሆሎች አሉት። እያንዳንዱ ሆል ቲ ከሚባለው መነሻ ይጀምርና ባንዲራ በተተከለበት ትንሽ ጉድጓድ ላይ ያበቃል። በመካከል ያለው፣ ሣሩ ያጠረ መተላለፊያ ፌርዌይ ነው፤ ሣሩ የረዘመው ዳርቻ ራፍ ይባላል። በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ እጅግ አጥሮ የተላጨው ሥፍራ ግሪን ነው፤ እዚያ ኳሷ ፓተር በሚባለው ዱላ ትንከባለላለች፤ ምቱም ፓት ይባላል። አሸዋ የሞላባቸው ወጥመዶች ባንከሮች ናቸው። ጥሩ ተጫዋች አንዱን ሆል ሊጨርስበት የሚገባው የምት ብዛት ፓር ይባላል፤ ከዚያ አንድ ቀንሶ መጨረስ በርዲ፣ አንድ ጨምሮ መጨረስ ደግሞ ቦጊ ነው።

ኦልድ ኮርስ በባሕሩ ዳርና በከተማዋ መካከል በተዘረጋ አሸዋማ መሬት ላይ ይገኛል። የከተማዋ ሰዎች በዚህ መሬት ላይ የመጫወት መብታቸው በጽሑፍ የተረጋገጠው በ1552 ነው። ዛሬም ሜዳው የሕዝብ ነው። እሁድ እሁድ ጨዋታ ስለማይኖር ነዋሪው ልጆቹንና ውሾቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። በ1764 ሆሎቹ ከ22 ወደ 18 ዝቅ አሉ፤ የአንድ ሙሉ ሜዳ መለኪያ በዓለም ሁሉ 18 ሆል የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

እዚህ ሜዳ ላይ ዓይን የሚሞላ ዛፍ ወይም ሐይቅ የለም። አሜሪካዊው ሳም ስኒድ በ1946 ሜዳውን መጀመሪያ በባቡር መስኮት ሲያየው የተተወ አሮጌ ሜዳ መስሎት ነበር፤ በዚያው ጉዞው ሻምፒዮን ሆነ። የሜዳው ክብደት በሩቁ አይታይም። መሬቱ በትናንሽ ጉብታዎችና ስርጉዶች የተሞላ ነው። 112 ባንከሮች አሉት፤ ብዙዎቹ አፋቸው ትንሽ፣ ግድግዳቸው በሣር ንጣፍ ተደራርቦ የተገነባና ቀጥ ያለ ነው። በዙሪያቸው ያለው መሬት ወደ እነሱ ስለሚያዘነብል በጥቂት እርምጃ ያለፈቻቸው የምትመስል ኳስ እንኳ ተንከባላ ትገባለች። ሌላው ልዩ ነገር ግሪኖቹ ናቸው። 14 ሆሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሰባት ግዙፍ ግሪኖችን ይጋራሉ፤ የተጋሪዎቹ ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል፤ 2ኛው ከ16ኛው፣ 3ኛው ከ15ኛው፣ 5ኛው ከ13ኛው እያለ ይቀጥላል። የራሳቸው ግሪን ያላቸው 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው።

ነፋሱም አለ። መሬቱ ገላጣ ስለሆነ የሚያግደው የለም፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥም አቅጣጫውን ሊለውጥ ይችላል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ መጫወት የለመደ ሰው እዚህ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ሩቅ ትበራለች፤ በባሕሩ ዳር አየሩ ወፍራም በመሆኑ ያው ዱላ፣ በዚያው ጉልበት ተመትቶ፣ ኳሷን ያሳጥርበታል። በሌላ በኩል መሬቱ ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትሮጣለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታና የምትቆምበትን ቦታ ለያይቶ ማሰብ አለበት።

ግራው ሰላም ነው፤ ቀኙ ግን መንገድ ይከፍታል

ሜዳው ከከተማዋ ይነሣና ርቆ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ዞሮ ወደ ከተማዋ ይመለሳል። ጨዋታው ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ስለሚዞር የሜዳው የውጭ ጠርዝ ሲሄዱም ሲመለሱም ብዙውን ጊዜ በተጫዋቹ ቀኝ ነው። በቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ አጥር ወይም ግንብ ይጠብቃል። በግራ በኩል የሚመለሱት ሆሎች ፌርዌይ አለ፤ ሰፊና ለስላሳ ነው። ኳስ ከወሰን ውጪ ከወጣች ተጫዋቹ አንድ ምት ተቀጥቶ ከነበረበት ቦታ እንደገና ይመታል። ይህን የሚያውቅ ማንም ሰው ወደ ግራ ማዘንበሉ አይቀርም።

የሜዳው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ሆሎች ግሪኖቹና ባንከሮቹ የተቀመጡት በግራ የመጣውን ሰው እንዲያስቸግሩ፣ በቀኝ ጠርዝ የደፈረውን ደግሞ እንዲያስተናግዱ ሆነው ነው። 3ኛውን ሆል እንውሰድ። ካርትጌት የሚባለው ባንከር የግሪኑን የግራ ፊት ቦርቡሮ ገብቷል። ከቲ ላይ በሰላም ወደ ግራ የመታ ሰው ሁለተኛ ምቱን በዚህ ባንከር ላይ አሳልፎ፣ ጠንካራ ግሪን ላይ ማስቆም ይኖርበታል። ከቁጥቋጦው አጠገብ በቀኝ የመጣው ግን ባንከሩ ከመንገዱ ወጥቶለት ግሪኑ በቁመቱ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ኳሷን በመሬት እያንከባለለ ሊያደርሳት ይችላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ያርድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንግሉ ግን ሁሉን ይለውጠዋል። ስለዚህ ኦልድ ኮርስን የሚያውቅ ሰው ሆሉን የሚያስበው ከመጨረሻው ነው። ባንዲራው ዛሬ የት ተተከለ? እዚያ ለመድረስ ከየት መምታት ይቀላል? እዚያ ቦታ ለመቆም ከቲው ምን ዓይነት ምት ያስፈልጋል? ገበጣ የሚችል ሰው ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ይቆጥራል፤ እዚህም የመጀመሪያው ምት የሚወሰነው በመጨረሻው ነው።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ቀኙን መድፈር ማለት አይደለም። ባንዲራው በግሪኑ ቀኝ ከተተከለ ወይም ነፋሱ ወደ ወሰኑ የሚገፋ ከሆነ ግራው ትክክለኛ ምርጫ ይሆናል። ጃክ ኒክላውስ በ1970ና በ1978 በዚህ ሜዳ ሲያሸንፍ ጉልበቱ የታወቀ ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቀው ግን መቼ እንደማይደፍር በማወቁ ነው።

መነሻው፦ ሰፊው ሜዳና ጠባቡ ጅረት

1ኛው ሆል 376 ያርድ (344 ሜትር) ርዝመት ያለው ፓር 4 ነው። ፌርዌዩን ከ18ኛው ጋር ስለሚጋራ ስፋቱ ከ120 ያርድ ያልፋል። ከተጫዋቹ ጀርባ የሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ ሕንፃ ቆሟል፤ ብዙ ሰውም ይመለከታል። የጀማሪው ፈተና ፍርሃት ነው፤ የልምድ ባለቤቱ ፈተና ግን ግሪኑ ፊት ለፊት የሚፈሰው ስዊልካን የሚባል ጠባብ ጅረት ነው። ግሪኑ የሚጀምረው ከውኃው ማዶ ወዲያው ነው።

እዚህ ሩቅ የሚመታው ዱላ፣ ድራይቨር፣ አያስፈልግም። በጣም ሩቅ የመታ ሰው ወደ ጅረቱ ይጠጋና አጭርና አስቸጋሪ ምት ይቀረዋል፤ ኳሷን ከፍ አድርጎ አሽከርክሮ ለማስቆም የሚያስችል ሙሉ ምት መምታት አይችልም። ብልሁ ተጫዋች አይረን በሚባለው አጠር ያለ ዱላ ወደ መሐል ግራ ይመታና የሚወደውን ርቀት ለራሱ ይተዋል። ሁለተኛው ምት ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ማጠር ውኃ ነው፤ ማለፍ ግን ከግሪኑ ኋላ ያለ ሜዳማ ሣር ነው። ስለዚህ ባንዲራው ፊት ላይ ቢተከልም ዒላማው የግሪኑ መሐል ይሁን፤ ርቀቱ ሁለት ዱላ መሐል ላይ የዋለ እንደሆነም ረጅሙን ይምረጥ።

ይህች የመጀመሪያ ሆል የቀሪዎቹን አሥራ ሰባት ትምህርት በአጭሩ ትሰጣለች። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ስሕተቱ ወዴት ቢሆን እንደሚሻል ማወቅ ይገባል። ማንም ሰው ኳሱን ያሰበው ነጥብ ላይ ሁልጊዜ አያሳርፍም፤ የዓለም ሻምፒዮኖችም ቢሆኑ ኳሶቻቸው በዒላማው ዙሪያ ይበተናሉ። ስለዚህ ዒላማ ሲመረጥ ያ ብትን በሙሉ በደኅና ቦታ ላይ እንዲወድቅ ተደርጎ ይመረጣል።

ጫፉ ላይ፦ 11ኛውና 12ኛው

ከ7ኛው እስከ 11ኛው ሜዳው ይጠማዘዛል፤ 7ኛውና 11ኛው ሆል እንዲያውም እርስ በርስ ይሻገራሉ። ብዙ ተጫዋቾች ምት የሚቆጥቡት እዚህ አካባቢ ነው። 9ኛውና 10ኛው አጫጭር ፓር 4 ናቸው፤ ነፋሱ ከፈቀደ በርዲ ይገኝባቸዋል።

11ኛው ግን ሌላ ነው። ከሜዳው ሁለት ፓር 3 ሆሎች አንዱ ሲሆን ርዝመቱ 174 ያርድ ያህል ነው። ግሪኑ ከኋላ ወደ ፊት በኃይል ያዘነብላል። በስተግራ ጆንስን ያሰናበተው ሂል፣ በስተቀኝ ፊት ለፊት ደግሞ ስትራዝ የሚባሉ ባንከሮች አሉ። ከግሪኑ ኋላ የኤደን ወንዝ መውጫ ይታያል፤ ነፋሱም ከዚያ በኩል ሲመጣ ዱላ መምረጥ ያስጨንቃል። ሁለቱን ባንከሮች የፈራ ሰው አብዝቶ ይመታል፤ ኳሷ ግሪኑን አልፋ ከኋላ ትወድቃለች። ከዚያ የሚቀረው ቁልቁል ወደሚወርድ ግሪን የሚመታ ምት ነው፤ ትንሽ ከበዛ ኳሷ ግሪኑን አቋርጣ ወደፈራው ባንከር ልትወርድ ትችላለች። የተሻለው እቅድ ከባንዲራው ዝቅ ብሎ መቆየት ነው። ከታች ሆኖ ሽቅብ በሁለት ፓት መጨረስ ፓር ያስገኛል፤ ከላይ ሆኖ በቁልቁለት መምታት ግን ከአጭር ርቀትም ሦስት ፓት ሊያስከፍል ይችላል።

12ኛው ከቲ ሲታይ ንጹሕ ነው። 350 ያርድ ገደማ የሆነ አጭር ፓር 4፣ ፊት ለፊት አረንጓዴ ሣር ብቻ ይታያል። ባንከሮቹ ግን መሐሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ከቲ አይታዩም። ሜዳው በቀድሞ ዘመን በተቃራኒው አቅጣጫም ይጫወቱበት ስለነበር የባንከሮቹ አፍ ከዚያ በኩል ለሚመጣ ሰው ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ዛሬ ከዚህ ለሚመታው ግን ከጉብታው ጀርባ ተሰውሯል። ግሪኑ ላይ ደርሰው ዞር ሲሉ ሁሉም ወለል ብለው ይታያሉ። ስለዚህ እዚህ ዓይን አይታመንም፤ የሜዳው ካርታና ሜዳውን የሚያውቅ ካዲ፣ ማለትም ዱላ ተሸካሚ፣ ይታመናል። ምርጫው ሁለት ነው። አንድም በአይረን ከባንከሮቹ አሳጥሮ መቆም፣ አንድም በነፋስ ታግዞ ሁሉንም ማለፍ። ደስ በሚለው ርቀት ብቻ የመታ ሰው መሐሉ ላይ ይገባል።

14ኛው፦ ሲኦልን መዞር

14ኛው በሻምፒዮና ጊዜ ከ610 ያርድ (558 ሜትር) በላይ የሚረዝም ፓር 5 ነው። በቀኝ በኩል ግንብ አለ፤ ከግንቡ ውጪ ከወሰን ውጪ ነው። በግራ ቢርዲስ የሚባሉ ባንከሮች ተሰብስበዋል። በሁለቱ መካከል ኤሊዥያን ፊልድስ የሚባል ለጥ ያለ ሣር አለ። ተጫዋቹ እዚያ ከደረሰ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ወደ ግሪኑ በሚወስደው ቀጥተኛ መስመር ላይ ሄል፣ ማለትም ሲኦል፣ የሚባለው ግዙፍ ባንከር ተኝቷል። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ኒክላውስ በ1995 ኦፕን በመጀመሪያው ዙር እዚህ ባንከር ገብቶ ደጋግሞ መትቶ ሆሉን በ10 ጨረሰ። ዕድሜ ልኩን ሜዳን በማንበብ የታወቀ ሰው ላይ ይህ ከደረሰ ማንም ሊዘናጋ አይገባም።

ታዋቂው የሜዳ ነዳፊ አሊስተር ማኬንዚ በ1920ዎቹ ኦልድ ኮርስን ለክቶ ካርታውን ሠርቷል። ይህንን ሆል ሲያብራራም ለተለያየ አቅምና ለተለያየ ነፋስ የሚሆኑ አራት መንገዶችን በሥዕል አሳይቷል። የሆሉ ታላቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ብርቱው በግንቡ አጠገብ ደፍሮ፣ ሲኦልን አሻግሮ በሁለት ምት ወደ ግሪኑ ይጠጋል። መካከለኛው ሁለተኛ ምቱን ወደ ግራ፣ ወደ 5ኛው ሆል ፌርዌይ ይልካታል፤ ሲኦልን ዞሮ በሦስተኛው ምት ይገባል። ደካማው በአራት ምት ደርሶ በሁለት ፓት ቢጨርስ ቦጊ ነው፤ በዚህ ሆል ቦጊ ነውር የለውም። ሦስቱም በአንድ ሆል ላይ፣ በአንድ ቀን፣ እያንዳንዳቸው የሚያሸንፉበት መንገድ አላቸው።

የግሪኑም ነገር አለ። ፊቱ ላይ ሽቅብ የቆመ ዳገት ሲኖር፣ ከዳገቱ በላይ ደግሞ ግሪኑ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከፍ ብላ የምታርፍ ኳስ ትነጥርና ታልፋለች። በዝቅታ ተመትታ ዳገቱን ተንከባላ የምትወጣ ኳስ ግን ጉልበቷን ዳገቱ ላይ ትጨርሳለች። ለዚህ ነው ሦስተኛው ምት ኳስን ከፍ አድርጎ ከሚመታው ዌጅ ይልቅ ብዙ ጊዜ በፓተር ወይም በዝቅተኛ ምት የሚሻለው።

16ኛውና 17ኛው፦ ትዕግሥት የሚፈተንበት

በ16ኛው ፌርዌይ መሐል ሦስት ባንከሮች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ፕሪንሲፓልስ ኖዝ፣ የርእሰ መምህሩ አፍንጫ ይባላሉ። ከእነሱ በስተቀኝ እስከ አጥሩ ድረስ ጠባብ የሣር መተላለፊያ አለ፤ እዚያ ያረፈ ሰው ወደ ግሪኑ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኛል። ጥቂት የሳተ ግን ወይ ባንከር ውስጥ ነው፣ ወይ ከወሰን ውጪ። በግራ ሰፊ ቦታ አለ፤ ዋጋው ግሪኑን በግራ የሚጠብቁትን ባንከሮች አሻግሮ መምታት ነው። እኔ ብመርጥ ግራውን እመርጣለሁ። ከአስቸጋሪ አንግል የሚመጣ ጉዳት አንድ ምት ነው፤ አጥሩን ያሻገረ ግን ሁለት ምት ያጣል።

17ኛው፣ የመንገዱ ሆል፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተወራላቸው ሆሎች አንዱ ነው። ከ2010 ጀምሮ በሻምፒዮና 495 ያርድ (453 ሜትር) ሆኗል፤ ፓሩ 4 ነው። የመጀመሪያው ምት በሜዳው ዳር በሚገኝ ሆቴል አጥር ውስጥ ባለው መጋዘን መሰል ሕንፃ ጫፍ ላይ አልፎ፣ ተጫዋቹ ወደማያየው ፌርዌይ ይወርዳል። በቀኝ ያለው ሆቴል ከወሰን ውጪ ነው። ግሪኑ ጠባብ፣ ከመሬቱ ከፍ ያለና በሰያፍ የተጋደመ ነው። ፊቱን በግራ የመንገዱ ባንከር ቦርቡሮታል፤ ከኋላው ደግሞ መንገድና የድንጋይ ግንብ አለ። መንገዱ ከወሰን ውጪ አይደለም፤ ኳሷ እዚያ ካረፈች ከዚያው ላይ ትመታለች።

እዚህ ሆል ላይ የተጻፈው ታሪክ ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል። በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ደረሰ። ፓቱ ግን በዳገቱ ጠርዝ ዞራ ወደ ባንከሩ ገባች፤ ከዚያ ለመውጣት አራት ምት ፈጀበት፤ ሆሉን በ9 ጨረሰ። በ1984 ቶም ዋትሰን ለስድስተኛ የኦፕን ዋንጫው ሲታገል ከመልካም ቦታ በ2 አይረን መታ፤ ኳሷ ግሪኑን አልፋ መንገዱን ተሻግራ ግንቡ ጥግ ቆመች። በቀደሙት ሦስት ቀናት በዚህ ሆል ቦጊ ያገኘው ሴቬ ባዬስቴሮስ በዚያ ቀን ፓር አድርጎ፣ በ18ኛው በርዲ ጨምሮ ዋንጫውን ወሰደ። በ2000 ዴቪድ ዱቫል በመጨረሻው ዙር ባንከሩ ውስጥ አራት ጊዜ መትቶ በ8 ወጣ። በዚያው ሻምፒዮና ታይገር ዉድስ በአራቱም ቀናት አንድም ባንከር ሳይገባ በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ።

ከዚህ የሚወጣው ስልት ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ራስን መግዛት ይጠይቃል። ሁለተኛ ምቱን ከግሪኑ ፊት በስተቀኝ ማሳረፍ ያዋጣል። ከዚያ ባንከሩ በግራ ይቀራል፤ ከግሪኑ ቁመት ጋር የሚሄድ ረጅም ፓት ይገኛል። አንዳንዴ በሁለት ፓት ፓር ይሆናል፤ አንዳንዴ ቦጊ። የሚያጠፋው ቁጥር ግን አይመጣም።

በ2022 በ150ኛው ኦፕን የመጨረሻ ቀን አውስትራሊያዊው ካሜሮን ስሚዝ እየመራ እዚህ ደረሰ። ሁለተኛ ምቱ ከግሪኑ በግራ አጥራ ቀረች፤ ባንከሩም በእሱና በባንዲራው መካከል ዋለ። ዌጅ አንሥቶ ባንከሩን ማሻገር ይችል ነበር። እሱ ግን ፓተር አነሣ። ኳሷን ከባንከሩ ጎን አድርጎ፣ ዳገቱን አስወጥቶ፣ ግሪኑ ላይ አሳረፋት። አሥር ጫማ ያህል የቀረውን አገባና ፓር አገኘ። ሙሉ ዙሩን በ64 ጨርሶ በአንድ ምት አሸነፈ። ስሚዝ በዚያ ቅጽበት ዋንጫውን ሊያሳጣው የሚችለውን አንድ ምት ለይቶ ስላወቀ እሱን ከምርጫው አወጣው። ለእኔ የሆል ስልት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

መድረስና መቅረብ

ስሚዝ ያሸነፈበት ቀን ሌላም ትምህርት አለው። ሮሪ ማኪልሮይ ቀኑን የጀመረው ስሚዝን በአራት ምት እየመራ ነበር። 18ቱንም ግሪኖች በተገቢው ምት ደረሰ፤ ማንም አሠልጣኝ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ግን 36 ፓት መታ፤ በ70 ጨርሶ ሦስተኛ ወጣ። በተራ ሜዳ ላይ ግሪን መድረስ ማለት መቅረብ ማለት ሊሆን ይችላል። በኦልድ ኮርስ የ5ኛውና የ13ኛው የጋራ ግሪን ብቻ ወደ 90 ያርድ ይረዝማል፤ ግሪኑ ላይ ሆኖም ከባንዲራው በጣም መራቅ ይቻላል።

በአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናሎች ውድድር የሚጫወቱ ሰዎች ከ8 ጫማ ርቀት የሚያገቡት ግማሹን ገደማ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ከ30 ጫማና ከ40 ጫማ ፓት የሚጠበቀው ማግባት ሳይሆን ቀጣዩን ምት ቀላል ማድረግ ነው። በርዲ የሚገኘው ቀደም ብሎ፣ ኳሷ ከትክክለኛው አንግል ወደ ባንዲራው እንድትቀርብ ሲደረግ ነው።

18ኛው ይህንኑ በመጨረሻ ይጠይቃል። 357 ያርድ ብቻ ነው፤ ነፋስ ካገዘ ረጅም የሚመቱ ሰዎች በአንድ ምት ግሪኑ ጋ ይደርሳሉ። በቀኝ በኩል መንገድና የከተማዋ ቤቶች አሉ፤ እዚያ ከወሰን ውጪ ነው። ስለዚህ ምቱ ወደ ግራ ይሁን። ግሪኑ ፊት ግን የኃጢአት ሸለቆ የሚባል ጥልቅ ስርጉድ አለ፤ ያጠረችውን ኳስ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ኮስታንቲኖ ሮካ በ1995 አጭር ምቱን አበላሽቶ ኳሷ እዚያ ወረደችበት፤ ከዚያው ከ60 ጫማ ያህል ርቀት በፓተር አግብቶ ከጆን ዴሊ ጋር እኩል ሆነ። ተጨማሪውን ጨዋታ ዴሊ አሸነፈ። የሮካ ምት የማይረሳ ነው፤ እቅድ ግን በእንዲህ ያለ ተአምር ላይ አይቆምም። ሁለተኛው ምት ስርጉዱን ተሻግሮ የሚያርፍ ይሁን፤ ወይም ገና ከፊቱ በበቂ ፍጥነት የሚንከባለል።

በማንኛውም ሜዳ

አንባቢው ሴንት አንድሪውስን ላያይ ይችላል። ከዚህ የተማረውን ግን በየትኛውም ሜዳ፣ ዘጠኝ ሆል ብቻ ባለው ትንሽ ሜዳ ላይም ጭምር ሊጠቀምበት ይችላል።

ቲ ላይ ቆመው ዱላ ከማውጣትዎ በፊት ባንዲራውን ይመልከቱና ወደ እሱ ለመምታት የሚቀልዎትን ቦታ ይምረጡ። ከዚያ የሆሉን አንድ አጥፊ ቦታ ይለዩ፤ ውኃ፣ ወሰን ወይም ጥልቅ ባንከር ሊሆን ይችላል። የኳስዎ ተራ መበተን ወደዚያ እንዳይደርስ ዒላማዎን ያርቁ። በመጨረሻም ከዚህ ምት በኋላ የሚቀርዎት ምት በእርግጥ የሚችሉት መሆኑን ይጠይቁ። ካልሆነ አጭሩን ዱላ ያውጡ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላም በውጤት ካርዱ ላይ የምቱን ብዛት ብቻ አይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሁለተኛ ምትዎን ከየት እንደመቱ በአንድ ቃል ያስፍሩ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ራፍ፣ አሸዋ። ከጥቂት ዙሮች በኋላ ካርዶቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቦጊዎቹ የሚመጡት ከተመሳሳይ ቦታዎች መሆኑን ያያሉ። ልምምድዎንም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቲ ላይ የሚያወጡትንም ዱላ ያ ዝርዝር ይወስናል።